የኦልጋ የቀኝ ወንበር

ደኑን፣ ስኮትላንድ
ሴፕቴምበር 2 ቀን 1996

ለተከበሩ ለአቶ ቬርነን ኮላር፤ ዶብሪ፣ ነብራስካ

ደብዳቤዬ እርስዎንም ቤትዎንም በሰላምና በጤና እንዲያገኝ እየተመኘሁ እጀምራለሁ። ይህች ደግሞ ማን ናት ብለው ፖስታውን ሳያገላብጡት አልቀሩም። ስሜ ሞራግ ይባላል፤ የሬይመንድ ኮላር ልጅ ነኝ። የእርስዎና የአባቴ አባቶች ወንድማማች ስለሆኑ አጎቴ ብልዎት ቅር እንደማይልዎት ተስፋ አደርጋለሁ።

አባቴ በግንቦት አረፈ። መርከበኛ ሆኖ ወደዚህ የመጣ ጊዜ እናቴን አግብቶ ቀረ፤ ስለ አገሩም ብዙ አያወራም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነበረው። ገና ካለፈ በኋላ ሬዲዮ ላይ ይጣድና በጩኸትና በፉጨት መሃል ከአሜሪካ የሚመጣ የኳስ ጨዋታ ይፈልጋል። ሲያገኘው ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ማን አሸነፈ ስለው ግን አያውቀውም።

ከሞተ በኋላ ሳጥኑን ስከፍት ብርቱካናማ ሻርፕና አንድ ወረቀት አገኘሁ። ወረቀቱ ላይ በእጁ የተጻፈው የመንገድ ዝርዝር ነው፦ «ከዶብሪ ደቡብ፤ ወንዙን ተሻግሮ ረጅም ቀጥታ፤ የእህል ጎተራው ጋ ወደ ግራ ጠመም ይላል…» እንዲህ እያለ እስከ ቴክሳስ ይወርዳል። ከላይ «1962፣ ከቬርን ጋር፣ ለቦውል» ይላል። አጎቴ፣ ቦውል ምንድን ነው? ሰው ለእሱ ሲል ሺህ ማይል የሚሄደውስ ለምንድን ነው? ዕድሜ ይስጥልኝና ቢነግሩኝ።

የወንድምዎ የሬይመንድ ልጅ፣ ሞራግ


ዶብሪ፣ ነብራስካ
ሴፕቴምበር 15 ቀን 1996

ለልጄ ለሞራግ፣

ሰላምታዬ ከውቅያኖስ ማዶ ይድረስሽ። እኔ ለክፉ አልሰጥም፤ በቆሎውም አምሯል። የሬይመንድ ነገር አንጀቴን በላው። ባህር ወሰደው ብለን ትተነው ነበር እንጂ አንድም ቀን አልረሳነውም። ነፍሱን ይማር። እኔም ባለቤቴን አርሊንን በየካቲት ቀብሬያለሁ፤ ስለዚህ አንቺም እኔም ሐዘንተኞች ነን።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። በመጀመሪያ፣ እኛ ኳስ የምንለው በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትን ነው፤ የእናንተን ለሕፃናት ትተነዋል። ቡድናችን የሳውዝ ፕላት ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው፤ ሽመላዎቹ እንላቸዋለን። በመከር ወራት አሥራ አንድ ጊዜ ይጫወታሉ። ስድስቱን ካሸነፉ አንዱ ሞቃት ከተማ ለገና ሰሞን አንድ ጨዋታ ይጠራቸዋል። ቦውል ማለት ይኸው ነው። የሚጠሩን ሰዎች ሆቴል ያላቸው ናቸውና ስንት አሸነፋችሁ ብለው ብቻ አይጠይቁም፤ ስንት ሆናችሁ ትመጣላችሁ ይላሉ። እንግዳው ብዙ ካልሆነ የማይጠራበት ሌላ ድግስ እኔ አላውቅም።

ዶብሪ ሰባት መቶ ነፍስ ናት፤ ለቦውል ግን ሃያ ሦስት መኪና ታወጣለች። ሁሉም ቁጥር አለው፤ በቁጥሩ ተራ ይከተላል። መሪውን ማንም አይቀድመውም፣ ማንም መንገድ ተሳስተሃል አይለውም። ከ1962 ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ስንሄድ ቁጥር አንድ እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያው ጊዜ ከጎኔ ተቀምጦ መንገዱን የጻፈው አባትሽ ነው። ከዚያ በኋላ ወንበሩ የአርሊን ሆነ። የምነዳት አልጋም ምድጃም ያላት፣ አውቶቡስ የምታህል መኪና ናት፤ አርሊን ኦልጋ ብላ ሰየመቻት። ቁጥር ሁለት ጎረቤቴ ድዌይን ፔሼክ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ቁጥር አንድን ሲመኝ አርጅቷል፤ እኔም ደስ እያለኝ አስመኘዋለሁ።

እስቲ የሬይመንድን ፎቶግራፍ ላኪልኝ። ሲያረጅ ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ አማረኝ።

አጎትሽ ቬርን


ደኑን
ሴፕቴምበር 29 ቀን 1996

ይድረስ ለአጎቴ ለቬርነን፣

በደህና ይክረሙልኝ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዱን ጊዜ ለተሳፋሪዎቼ ጮክ ብዬ ነው። የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ፤ ከወደቡ ተነስቼ በሐይቁ ዳር መንደሮቹን እዞራለሁ። ተሳፋሪዎቼ አሮጊቶች ናቸውና ወሬ ይወዳሉ። ስለ ሃያ ሦስቱ መኪና ስነግራቸው አንዷ «ሚስቶቻቸው ፈቅደውላቸው ነው?» አለችኝ። እስቲ ይንገሩኝ፣ ፈቅደው ነው?

ሌላም ሌላም ልጠይቅ። መንገድ ላይ ምን ትበላላችሁ? ከመኪና መኪና በምን ትነጋገራላችሁ? መሪው ቢታመምስ ማን ይተካዋል?

ፎቶግራፉን ልኬያለሁ። ባለፈው ዓመት ከእኔ አውቶቡስ ፊት ቆሞ የተነሳው ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ ባለፈው ሳምንት የዓመቱን የዓይን ምርመራ አልፌአለሁ። እዚህ ትልቅ መኪና የሚነዳ ሰው ያለዚያ መንጃ ፈቃዱ አይታደስለትም። እናንተ ጋስ እንዴት ነው?

ልጅዎ ሞራግ


ዶብሪ
ኦክቶበር 20 ቀን 1996

ለሞራግ፣

ጤናሽን አብዝቶ ይስጥሽ። የዘገየሁት በበቆሎ አጨዳ ምክንያት ነው።

ሚስቶቻችን ፈቅደውልን ነው ወይ ላለችው ሴትዮ፣ ሃሳቡም የእነሱ ነው በያት። የክረምታችን ብርድ ከብት ያደርቃል፤ ወደ ሙቀት የሚሄድ መኪና ሲገኝ ማን ይቀራል? መንገድ ላይ በጎመንና በሥጋ የተሞላ ዳቦ እንበላለን፤ ስንደርስ ደግሞ ስታዲየሙ በር ላይ መኪናዎቹን ደርድረን ድስት እንጥዳለን። የምንነጋገረው በመኪና ሬዲዮ ነው። አንዱ አዝራሩን ተጭኖ ሲናገር ሃያ ሁለቱ ይሰሙታል። በአብዛኛው የምንሰማው የድዌይንን ቀልድ ነው፤ ያውም ያው አንድ ቀልድ።

ፎቶግራፉ ደርሶኛል። ድዌይን አይቶት ሬይመንድ ሸብቶም ቆንጆ ነው አለ።

ሽመላዎቹ ከስድስት ጨዋታ አራቱን አሸንፈዋል። ሁለት ሲጨምሩ ስድስት ይሞላል፤ ስድስት ያሸነፈ ቶፒካ ይጠራል፤ ቶፒካ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ስምንት ቢያሸንፉ ግን የሚጠሩን ከባህሩ ዳር ከቴክሳስ ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ ይነዳል። ስድስት ይበቃናል።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ሰማያዊው ቀለምሽ ያምራል፤ ግን በጥቁር ብትጽፊልኝ። ፊደሉንም ጎላ አድርጊው።

አጎትሽ ቬርን


ደኑን
ኦክቶበር 31 ቀን 1996

ለአጎቴ ለቬርነን፣

ሰላምዎ ይብዛ። ይኸው በጥቁር፣ ይኸው በጉልህ። ወረቀቱ አሥር መስመር ብቻ ነው የያዘልኝ።

የአባቴን የመንገድ ዝርዝርም በትልልቁ ገልብጬ ልኬልዎታለሁ። ሁለት ነገር ግን ከነከነኝ። አባቴ ስለ እርስዎ ካወራኝ ጥቂት ነገር አንዱ፣ ቡድኑ ሲሸነፍ ራት የማይበላ ሰው መሆንዎን ነው። ታዲያ ስድስት ይበቃናል የሚለው ደጋፊ ከየት መጣ? ፎቶግራፉን ደግሞ ድዌይን እንዳየው ነገሩኝ። እርስዎስ አይተውታል? መሪው ቢታመም ማን ይተካዋል ያልኩትንም፣ ስለ ዓይን ምርመራው ያልኩትንም ዘለሉት።

ጥያቄ አበዛሁ መሰለኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። እናቴ የማወቅ ጉጉቴ አንድ ቀን ችግር ያመጣብኛል ትል ነበር።

ሞራግ


ዶብሪ
ኖቬምበር 17 ቀን 1996

ለሞራግ፣

በደህና ቆየሽልኝ? እኔ አለሁ።

ሰባት አሸንፈናል። አንድ ጨዋታ ይቀራል። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ድዌይን አጠገቤ ቁጭ ብሎ እያለ፣ ሽመላዎቹ እንዲሸነፉ ጸለይኩ። ይህን የጻፍኩት ላንቺ ብቻ ነው። እዚህ ቢሰማ ቤቴን በእንቁላል ይደበድቡታል፤ እኔም እውነት አላቸው እላለሁ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ቶፒካ ከሆነ መምራት እችላለሁ። ቴክሳስ ከሆነ ግን ብቻዬን አልችልም። ለዶብሪ ሰው ደግሞ አልችልም ማለት አልሆነልኝም። አርሊን ከሞተች በኋላ የቀረችኝ ይህች ቁጥር አንድ ብቻ ናት። እሷን ከሰጠሁ በኋላ ጠዋት ለምን እንደምነሳ አላውቅም።

ስለዚህ ልለምንሽ። ለገና ነይ። መንገዱንም ቦውሉንም በዓይንሽ ታያለሽ፤ ጥያቄሽ ሁሉ ይመለሳል። የኦልጋ የቀኝ ወንበር ያንቺ ነው። የአባትሽም ነበር።

አጎትሽ ቬርን


ደኑን
ኖቬምበር 26 ቀን 1996

ለአጎቴ ለቬርነን፣

እመጣለሁ። ሰላምታውን እንኳ አላስቀደምኩም፤ ደስታ ነው ያዘለለኝ። ፈቃድ አግኝቻለሁ፣ ትኬትም ቆርጫለሁ፤ ገና ሲደርስ ዶብሪ ነኝ። አሮጊቶቼ ሹራብ እየሠሩልኝ ነው፤ ወደ ሙቀት ነው የምሄደው ብላቸው አልሰማ አሉ።

አንድ ነገር ያስቀኛል። በእኛ አገር መኪና የቀኙ ወንበር የሹፌሩ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ቀኝ ተቀምጬ ነዳሁ፤ አሁን ቀኝ ተቀምጬ እጄን አጣጥፌ ልሄድ ነው። እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ሥራው ምንድን ነው? ዝርዝሩን ይጻፉልኝና እስክመጣ ላጥናው።

ልጅዎ ሞራግ


ዶብሪ
ዲሴምበር 9 ቀን 1996
በፈጣን ፖስታ

ለልጄ ለሞራግ፣

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ።

ስምንተኛውን አሸነፍን። ትናንት እሑድ የዶብሪ ሰው በሙሉ የገበሬዎች ማኅበር አዳራሽ ተሰብስቦ ጥሪውን በቴሌቪዥን ጠበቀ። ቺሊ ወጥ ተሠርቶ ነበር፤ እኛ እሱን የምንበላው በቀረፋ ዳቦ ነው፣ ሌላው አገር ሲስቅብን ይስቅ። ስማችን ተጠራ፤ ፔሊካን ቦውል፣ ኮርፐስ ክሪስቲ፣ ቴክሳስ፣ ዲሴምበር 28። ሴቶቹ አለቀሱ። ድዌይን ወንበር ላይ ወጥቶ እንደ ሽመላ ጮኸ። እኔም ጮህኩ። ከዚያ ሁሉም ዞሮ ወደ እኔ ተመለከተ፤ መቼ እንነሳ የሚለው መሪው ነውና። ዲሴምበር 26፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት አልኩ።

የወንበርሽን ሥራ ጠይቀሽኛል። ከባድ አይደለም። ከፊታችን ያለው መኪና ፍሬን ሲይዝ ቀይ በይ። ምልክት ስናልፍ አንብቢው። መብራት ጋ ስንደርስ ቀለሙን ንገሪኝ። ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ መስመሬን ስለቅ ትከሻዬን ንኪኝ። አርሊን ባለፉት ሁለት ጉዞዎች እንደዚያ ታደርግ ነበር፤ አንድም ችግር አልገጠመንም። መንገዱ እንደሆነ በልቤ አለ።

ይህን ለድዌይን አታንሺለት።

አጎትሽ ቬርን


ደኑን
ዲሴምበር 12 ቀን 1996
በፈጣን ፖስታ

ለአጎቴ ለቬርነን፣

ጤናዎን እመኛለሁ፤ ዛሬ ከልቤ ነው የምመኘው።

ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት እንደደረሰኝ እሱን ይዤ አውቶቡሴ ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ። አጎቴ፣ እርስዎ አያዩም። ጥቁር ቀለሙ፣ ጉልሁ ፊደል፣ ድዌይን ያየልዎት ፎቶግራፍ፣ ሁሉም አሁን ገባኝ። ቀደም ብዬ ሳላውቀው አልቀረሁም፤ ግን መምጣቱን በጣም ስለፈለግኩት ላውቀው አልፈለግኩም።

በጣም ተናድጃለሁ። በአርሊንም ተናድጃለሁ፤ የማላውቃት ሴት ናት፣ ነፍሷን ይማር። ከኋላችሁ ሃያ ሁለት መኪና ሙሉ ሰው፣ ከፊታችሁ የማታውቁት ሰው ሁሉ። እኔ በየቀኑ አርባ ነፍስ ይዤ የምዞር ሰው ነኝ። ማየት ከማይችል ሹፌር ጎን ቁጭ ብዬ ቀይ አልልም፤ የአባቴ ወንበር ቢሆንም አልልም።

ግን ትኬቴን አልመልስም። ኦልጋን እኔ እነዳታለሁ። በቀኝ መንዳት እስክለምድ አንድ ቀን ይበቃኛል። እርስዎ ቀኙ ወንበር ላይ ይቀመጡና መንገዱን ይንገሩኝ፤ በልቤ አለ ብለዋልና። ለዶብሪ ሰዎች ግን እርስዎ ራስዎ ይነግሯቸዋል። ቁልፉን ካልሰጡኝ ገናን አብሬዎት አሳልፌ እመለሳለሁ።

ደፍራ ተናገረችኝ ብለው እንዳይቀየሙኝ። የወደድኩዎት ሳላይዎት ነው።

ሞራግ


ዶብሪ
ዲሴምበር 18 ቀን 1996
በፈጣን ፖስታ

ለሞራግ፣

ሦስት ጊዜ ደውለሽ ነበር። ስልኩ ሲጮህ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። ተቀይሜሽ አይደለም፤ አፍሬ ነው።

ሐኪሙ የማየውን ነገር መሃሉን በሽታ በልቶታል አለኝ። ዳር ዳሩ ይታየኛል። የሰው ጆሮ አያለሁ፣ ፊቱን አላይም። የአባትሽን ፎቶግራፍ ሌት ተቀን ባየው ያየሁት የአውቶቡስሽን ጎማ ብቻ ነው።

ቁልፉ በሩ አጠገብ አርሊን የመታችው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ስትመጪ ውሰጂው። ድዌይንን ምን እንደምለው ግን እንጃ። ስምንት ቀን ቀርቶኛል፤ እየተለማመድኩ ነው።

ቬርን


ደኑን
ጃንዋሪ 5 ቀን 1997

ለምወድዎት ለአጎቴ ለቬርነን፣

አዲሱ ዓመት ጤና ይሁንልዎት። ሳን አንቶኒዮ አውሮፕላን ማረፊያ ስንለያይ ያየሽውን ጻፊልኝ፣ እኔ መሃሉ አምልጦኛል ብለውኝ ነበር። ይኸው እጽፋለሁ። ማን እንደሚያነብልዎት አላውቅም፤ ማንም ይሁን ጮክ ብሎ ያንብብ።

የመነሻው ጠዋት በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። ሃያ ሦስቱ መኪናዎች በማኅበሩ ግቢ ተሰልፈዋል፤ ሁሉም በየመስኮቱ ቁጥሩን ለጥፏል። እርስዎ ኦልጋ ፊት ቆመው ባርኔጣዎን አወለቁ። «ዓይኔ ከድቶኛል፤ ዘንድሮ የምትነዳው የሬይመንድ ልጅ ናት። ቁጥሩን ለድዌይን ስጡት» አሉ። እርስዎ ያላዩትን ልንገርዎ፤ ማንም ደንግጦ አላየሁም። ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። ድዌይን ጓንቱን አውልቆ መልሶ አጠለቀው። ከዚያ «ቁጥር አንድ መንገዱን ለሚያውቅ ነው፤ እኔ የማውቀው ያንተን ኋላ ነው» አለ። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ «ይቺ በግራ ነው የለመደችው፤ በዚህ ዓይነት ሜክሲኮ ነው የምታደርሰን» ሲል ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ቁልፉን አዞርኩ።

አጎቴ፣ ያን ቀን የሠሩትን ነገር በሹፌርነት ዘመኔ አላየሁም። ዓይንዎን ጨፍነው «አሁን ዳገት ይጀምራል፣ ማርሽ ቀንሺ» ሲሉኝ ዳገቱ ይጀምራል። «በስተግራ ቀይ ጎተራ አለ» ሲሉኝ አለ፤ ቀለሙ ብቻ ለቋል። የአባቴ ወረቀት ጉልበቴ ላይ ነበር፤ እርስዎም ወረቀቱም አትሳሳቱም ነበር። እርስዎ አንዱን መስመር ሲሉ ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ያንኑ ያገኘዋል። ሁለታችሁ በ1962 ስትሄዱ ከኋላችሁ የተቀመጥኩ ያህል ተሰማኝ።

ከሜዲስን ሎጅ ከተማ በኋላ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ወደ ቀኝ በይ አሉኝ። ወረቀቱም ወደ ቀኝ ይላል። አዲስ መንገድ ስለወጣ ምልክቱ ወደ ግራ ይል ነበር፤ እኔ ግን ሁለት ለአንድ ነው ብዬ ታጠፍኩ። የከብት ማደለቢያ ግቢ ውስጥ ገባን። ሃያ ሁለቱም ተከትለው ገቡ። አንድ ሰው እንኳ በሬዲዮ ቆይ አላለም። ላሞቹ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ሲያዩን፣ ባለቤቱ አካፋውን ተደግፎ ከኦልጋ እስከ መጨረሻዋ ቆጠረና «የጠፋችሁት በስምምነት ነው?» አለ። ያን ጊዜ ነው እርስዎ ሲስቁ መጀመሪያ የሰማሁዎት። ድዌይን በኋላ ለምን ዝም አልክ ብለው ሲጠይቁት «መሪ መንገድ አይሳሳትም፤ ከብቶቹን ልታሳየን መስሎኝ» ብሎ መለሰ። ግቢው ውስጥ ሃያ ሦስት መኪና ለማዞር አንድ ሰዓት ፈጀብን፤ ሰውየውም በመጨረሻ ጎመን ዳቦ በልቶ ሸኘን።

ስለ ጨዋታው ያውቃሉ፤ በሦስት ነጥብ ተሸነፍን። እርስዎ ግን እኔን የጠየቁኝ ስለ ነጥቡ አልነበረም። «ስንት ነን?» ነው ያሉኝ። ያኔ አጣርቼ አልቆጠርኩም ነበር። አሁን ልንገርዎት። በእኛ በኩል ከታች እስከ ላይ ብርቱካናማ ነበር፤ ከሰማዩ በታች ባዶ ወንበር አላየሁም። ሽመላዎቹ ወደ ሜዳ ሲገቡ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጉሮሮ ጮኸ። ይህንኑ ድምፅ አውቀዋለሁ። አባቴ በጩኸቱና በፉጨቱ መሃል ሬዲዮው ላይ ሲፈልገው የኖረው እሱን ነው። ነጥቡን የማያውቀውም ለዚህ ነበር። ከአራት ሺህ ማይል ርቀት የራሱን ሰዎች ያዳምጥ ነበር። ስታዲየሙ ውስጥ ሳለቅስ ያላዩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።

ጥያቄዬ ተመልሷል። አንድ ብቻ ቀርቶኛል፤ ያን ጠዋት ሁሉም ለምን አልደነገጡም?

ልጅዎ ሞራግ


ዶብሪ
ጃንዋሪ 19 ቀን 1997

ለልጄ ለሞራግ፣

ሰላምታዬ ከነቤቴ ይድረስሽ። ይህን የሚጽፈው ድዌይን ነው፤ እኔ እያልኩት። የእጅ ጽሑፉ ዶሮ የጫረው ከመሰለሽ ጥፋቱ የእኔ አይደለም። (ተሳደበ፤ ጻፍ ስላለኝ ጻፍኩ።)

ደብዳቤሽን ድዌይን ሁለት ጊዜ አነበበልኝ፤ ሁለተኛውን በማኅበሩ አዳራሽ ለሁሉም ነው። ከብቶቹ ጋ ሲደርስ ማንበብ አቅቶት ቆመ። የመጨረሻውን መስመር ግን ሳያነብልኝ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ዝለለው አለኝ፤ ምን ነበር ብለው አልነገረኝም። ስትጽፊ ድገሚልኝ።

ስንመለስ ኦልጋን ድዌይን ነዳት፤ ሚስቱ የእነሱን መኪና ነዳች፤ ከእሱ እሷ ትሻላለች። እኔ ቀኙ ወንበር ላይ ሆኜ መንገዱን ነገርኩት። አዲሱን መንገድም አሁን በልቤ ይዤዋለሁ። ቁጥር አንዷን ውሰድ ብዬ ሰጠሁት፤ ኦልጋ መስኮት ላይ መልሶ ለጠፋት። ግትር ሽማግሌ ነው። (እሱ በአራት ዓመት ይበልጠኛል።)

ጠዋት ለምን እንደምነሳ አላውቅም ብዬሽ ነበር። አሁን ድዌይን በየማለዳው መጥቶ ጋዜጣ ያነብልኛል፤ አነባበቡ እያበሳጨኝ እነሳለሁ። የአባትሽን ፎቶግራፍ ሚስማሩ ላይ ቁልፉ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። አላየውም፤ የት እንዳለ ግን አውቀዋለሁ።

ሽመላዎቹ የሚቀጥለው ዓመት አሥር ያሸንፋሉ። አሁን ሌላ ጸሎት አልጸልይም።

አጎትሽ ቬርን


ሞራግ፣ ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው እኔ ድዌይን ነኝ። ቬርን ቡና ሊያፈላ ተነስቷል፤ ይህን አላነበብኩለትም፣ አላነብለትምም። የመጨረሻው ጥያቄሽ ይህ ነበርና መልሱን አንቺ ማወቅ አለብሽ። ለእሱ መንገር አለመንገሩን ላንቺ ትቻለሁ።

ያልደነገጥነው ስለምናውቅ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ደቡብ ስንወርድ ሬዲዮዬ ላይ የአርሊን ድምፅ መጣ። ቀይ፣ ቀስ በል፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ አሁን አረንጓዴ ነው። ጣቷ አዝራሩ ላይ የቀረ መስሎን ልንነግራት ስንል ምን እንደምትል ሰማን። ሃያ ሁለቱም መኪና ሰማ። ወንድሜ ቁጥር ሦስትን ይዞ ነዳጅ ልቅዳ ብሎ ቀደመ፤ ከዚያ ወዲያ በሁለቱም ጉዞ ከኦልጋ ፊት መንገዱን እያየ ሄደ። እኔ ከቬርን ኋላ አልተላቀቅኩም። ቁም ብንለው ይሻል ነበር፤ አንቺ በአንድ ደብዳቤ ያልሽውን እኛ ሃያ ሁለት ሆነን በሁለት ጉዞ ማለት አቃተን። ስለዚህ አፍራለሁ።

ያኔ ቴክሳስ ስንገባ የሰማናት የመጨረሻ ቃል «ደርሰናል ቬርን፣ ጎበዝ» የሚል ነበር። ከመኪናው ወርዳ ወደ እኔ መጣች። አዝራሩን በስህተት ተጭናው የቀረች ስለመሰለኝ ምን እንደምላት ግራ ገብቶኝ ቆሜ ነበር።

«ድዌይን፣ ሬዲዮህ በደንብ ይሰማል?» አለችኝ።

«ጥርት አድርጎ» አልኳት።

«ጥሩ» ብላ ለቬርን ክንዷን ልትሰጠው ተመለሰች።